ጅራፍም ስጦታም ያልለወጣቸው ኢማም

ነቢያት (ዐለይሂሙ ሰላም) ወደየሕዝቦቻቸው ሲላኩ ብዙዎቹን የገጠማቸው ስድብና ስደት ነው። የእውቀታቸው ወራሽ የሆኑ ዑለማኦችም ከዚህ ፈተና አላመለጡም። በዚህ በተከበረ ወር ከምናስታውሳቸው መካከል አንዱ ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል (ረሒመሁላህ) ናቸው።

ኢማም አሕመድ በ164 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 780) በባግዳድ ተወለዱ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው። ሐዲስ ፍለጋ ኩፋን፣ በስራን፣ ሒጃዝንና የመንን አዳርሰዋል። በሀገራችን ብዙዎቻችን መዝሀባቸውን የምንከተላቸው ኢማም ሻፊዒይም አስተምረዋቸዋል። ሙስነድ የተባለው ስብስባቸው ከ26,000 በላይ ሐዲሶችን ይዟል።

በ218 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 833) ኸሊፋ አል-መእሙን ቃዲዎችና ዑለማኦች ቁርኣን ፍጡር ነው የሚለውን የሙዕተዚላዎች አመለካከት እንዲቀበሉ አስገደደ። አብዛኞቹ ከፍርሃት የተነሳ ተቀበሉ። ኢማም አሕመድ ግን ቁርኣን የአላህ ንግግር እንጂ ፍጡር አይደለም በሚለው ጸኑ። ከሙሐመድ ኢብን ኑሕ ጋር በሰንሰለት ታስረው ወደ ኸሊፋው ሲወሰዱ፣ ሳይደርሱ አል-መእሙን ሞተ። ሙሐመድ ኢብን ኑሕም በመልስ ጉዞ ላይ ሕይወታቸው አለፈ። ኢማሙ ብቻቸውን ወደ ባግዳድ እስር ቤት ገቡ፤ እግራቸው እንደታሰረም እስረኞችን ያሰግዱ ነበር።

አዲሱ ኸሊፋ አል-ሙዕተሲም ለቀናት በፊቱ አከራከራቸው። ኢማሙ የጠየቁት ከአላህ ኪታብ ወይም ከረሱሉ (ሰ.ዐ.ወ) ሱንና ማስረጃ እንዲያቀርቡላቸው ብቻ ነበር። ማስረጃ ሲታጣ ጅራፍ መጣ። ራሳቸውን እስኪስቱ ተገረፉ። ይህ የሆነው በረመዳን ወር እንደነበርና ኢማሙም ጾመኛ እንደነበሩ ይተረካል።

በዚያ መከራ ብርታት የሰጣቸው ሰው አቡል ሀይሠም የተባለ ሌባ እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። እሱ ለዱንያ ብሎ ብዙ ግርፋት መቻሉን ነግሯቸው፣ እሳቸው ለዲን ብለው እንዲታገሡ መከራቸው። ኢማሙ ከዚያ በኋላ ዘወትር ዱዓ ያደርጉለት ነበር። ልብ እንበል፦ ዋናው ቃዲ ኢብን አቢ ዱኣድ ከኸሊፋው ጎን ቆሞ በኢማሙ ላይ ሲገፋፋ፣ ሌባው እውነቱ ከማን ጋር እንዳለ ለየ። የሐቅ ድምፅ ሲሰማ የሰው ማዕረግ ይገፈፍና ልቡ ይታያል።

ኢማሙ ተፈትተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ በአል-ዋሢቅ ዘመን ግን ከማስተማር ታግደው ተሸሽገው ኖሩ። ኋላ አል-ሙተወኪል ሥልጣን ሲይዝ ያ ፈተና ቀርቶ ክብርና ገንዘብ ይጎርፍላቸው ጀመር። ኢማሙ ይህን ከመጀመሪያው የከበደ ፈተና አድርገው ቆጠሩት። ገንዘቡን ሸሹ፤ ልጆቻቸው ሲቀበሉ እንኳ ከእነርሱ ዘንድ ከመብላት ተቆጠቡ። አል-ሙዕተሲምን ግን ለግርፋቱ ይቅር ብለውታል።

በ241 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 855) ሲሞቱ ጀናዛቸውን እጅግ ብዙ ሕዝብ ሸኘ። ከተማይቱ ያው ባግዳድ ነበረች። በሕይወት ሳሉ አስራ ገርፋቸዋለች፤ ሲሞቱ አልቅሳ ቀበረቻቸው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የኢማሙ ቃል አልተለወጠም፤ የተለዋወጠው የሰሚው ሁኔታ ነው።

ውድ ቤተሰቦች፣ የሞተን ሐቀኛ ማክበር ቀላል ነው፤ የሞተ ሰው አይገሥጸንምና። እውነቱን የሚነግረን ግን አጠገባችን አለ። ስለ ገቢያችን ሐላልነት የምትጠይቅ ሚስት፣ ሰላታችንን የሚያስታውስ ልጅ፣ ያኮረፍነውን ዘመድ እንድንጠይቅ የሚመክር ጎረቤት ይኖራል። ቁርኣን በወረደበት በዚህ ወር ጾማችን ልባችንን ማለስለሱን የምናውቀው፣ እንዲህ ያለውን ድምፅ ስንሰማ በምንሰጠው መልስ ነው። አላህ ሐቅን ሰምተው ከሚከተሉት ያድርገን። አሚን።