ልብ ወለድን ያስለመዱን የዘጌው ሰው

በዛሬው ዘመን በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌሎቹ ከተሞቻችን ወጣቱ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ በሚጫወተው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ከኮከብ ወደ ኮከብ ሲበር፥ ዘንዶ ሲገድል፥ ያልነበረ መንግሥት ሲያቆም እናየዋለን። ከሳይንስ ጋር የተጋባውን እንዲህ ያለ ፈጠራ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እንለዋለን። ልብ ወለድ የሚለውን ስም በመጽሐፍ ርእስነት ያስለመደን ግን የጎጃም ተወላጅ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. ከጣና ዳር፥ በገዳማቱና በቡናው በታወቀው በዘጌ ተወለዱ። የሥዕል ተሰጥዎአቸው ታይቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጣልያን አገር ተላኩና በቱሪን ከተማ ሥዕል ተማሩ። ተመልሰውም በእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ሣሉ። ሁለተኛ ወደ አውሮፓ ከተሻገሩ በኋላ ግን በአድዋው ጦርነት ዘመን ከአገራቸው ጠላት ወገን ሆኑ። ከዚያም በናፖሊ አማርኛ እያስተማሩ የሰዋስው መጻሕፍት አዘጋጁ።

በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት መጽሐፍ ስሙ ልብ ወለድ ታሪክ ነው፤ በኋላ ጦቢያ ተብሎ ታወቀ። በአማርኛ የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ እርሱ ነው። ታሪኩ የሚፈጸምበት አገርና ዘመን በስም አልተገለጸም። ልጁ ዋህድ የአባቱን ባለውለታ ነጋዴ ፍለጋ ሲሄድ ይጠፋል፤ መንታ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባትዋ ጋር ልትፈልገው ትወጣለች። በመጨረሻም አረመኔው ንጉሥ ወድዷት ሃይማኖቱን ይለውጣል፤ ጠላትነትም በጋብቻ ይፈታል። ስውር ጀግና፥ ረጅም ፍለጋ፥ ስሙ ያልታወቀ አገር፤ የዛሬው ጌም የሚሠራው ከዚሁ ከጥንቱ እንጨትና ማገር መሆኑን ልብ ይሏል።

ደራሲው በልባቸው የወለዷት ልጅ ለወገንዋ ስትታመን፥ ራሳቸው ግን ለወገናቸው አልታመኑም። የድሬዳዋን ጉምሩክ እስከ መምራት፥ ቀጥሎም በሮማ የኢትዮጵያ መልእክተኛ እስከ መሆን ደርሰው ነበር። ይሁን እንጂ ፋሺስት አገራችንን በያዘባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ለወራሪው አደሩ፤ አፈ ቄሣር የሚል ማዕርግም ተቀበሉ። ከነፃነት በኋላ ተፈርዶባቸው ወደ ጅማ ተጋዙ። የዐይናቸው ብርሃን ጠፍቶ በዚያው በግዞት ሳሉ በ1940 ዓ.ም. ሞቱ።

እንግዲህ ምን እንበል? ሰውየው ስለ በደሉ መጽሐፉ ይቃጠል አንልም፤ መጽሐፉ ስላማረም በደሉ ይረሳ አንልም። ሁለቱንም አውቀን መያዝ ይገባናል። የልብ ፈጠራ ታላቅ ኀይል ነው፤ ግን ብቻውን ሰውን ታማኝ አያደርግም። በልብ ወለድ ዓለም ጀግና መሆን ቀላል ነው፤ ዘንዶው ቢያሸንፍም ጨዋታው እንደገና ይጀመራል። በእውነተኛው አገር ግን አንድ ጊዜ የተሸጠ ስም ተመልሶ አይገዛም።

ስለዚህ ተማሪውም ሆነ ወጣቱ ሹም ይጫወት፥ ያንብብ፥ ቢቻለውም የዘጌን ደንና የጮቄን ተራራ መነሻ አድርጎ የራሱን ዓለም ይፍጠር። ከጨዋታው ሲነሣ ግን በጦቢያ ያየውን ታማኝነት በትምህርቱ ገበታና በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እንዲያሳየን እንመኛለን።