ሉዊ ፋቭርና የጎታርድ ዋሻ

በስዊስ አገር በሉሴርን ሐይቅ ዳር የሚሄድ የምድር ባቡር አለ። ሐዲዱ ከብሩነን እስከ ፍሉኤለን ከተማ ድረስ በውሃውና በገደሉ መካከል ያልፋል፤ ከዚያም ሽቅብ እየወጣ ጎታርድ ከሚባለው ታላቅ ተራራ ይደርሳል። ተራራውንም በውስጡ አልፎ በወዲያኛው ወገን ወደ ሉጋኖ ሐይቅ ይወርዳል። አስቀድሞ ግን መንገደኛ ይህን ተራራ በእግሩ ወይም በጋሪ በብዙ ጭንቅ ይሻገረው ነበር። ተራራውን ለመብሳት ውል የገባው ሰው ሉዊ ፋቭር ነው።

ፋቭር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1826 ዓመት በዠኔቭ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ አናጢ ነበረ፤ እርሱም የአባቱን ሥራ ተማረ። በወጣትነቱ ወደ ፈረንሳይ አገር ሄዶ ከሥራ ወደ ሥራ እየተዘዋወረ እጁን አሠለጠነ። የመሐንዲስነት ትምህርት በትምህርት ቤት አልተማረም፤ ነገር ግን አስተዋይና ትጉህ ስለ ነበረ፥ ቀስ በቀስ የባቡር መንገድ ሥራ በቁርጥ ዋጋ እየተዋዋለ የሚሠራ ሰው ሆነ።

በ1872 ዓመት ከጎታርድ ባቡር ማኅበር ጋር ተዋዋለ። 15 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን ዋሻ በ8 ዓመት ለመጨረስ ፈረመ፤ 8 ሚሊዮን ፍራንክም መያዣ ሰጠ። ቀኑ ቢያልፍ በየቀኑ 5,000 ፍራንክ፥ ከ6 ወርም በኋላ 10,000 ፍራንክ መቀጫ ሊከፍል ተስማማ።

ሥራው በጎሼነንና በአይሮሎ፥ ከሁለቱ ወገን ተጀመረ። በታመቀ አየር የሚሠራ መኪና ድንጋዩን ይሰረስራል፤ በቀዳዳውም ድማሚት ገብቶ ይፈነዳል። ነገር ግን የተራራው ውስጥ እንዳሰቡት አልሆነም። ውሃ ፈሰሰ፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አለፈ፤ አየሩ በጢስ ተበላሸ፤ ደም የሚመጥ የሆድ ትልም ብዙዎችን አመነመነ። ቀኑ ባጠረ ቁጥር ችኮላው በረታ። በ1875 ዓመት በጎሼነን ሠራተኞቹ ሥራ ቢያቆሙ፥ የታጠቁ ሰዎች መጥተው ተኮሱና 4 ሰዎች ሞቱ። በሥራው ዘመን በአደጋ የሞቱትም ከ170 ይበልጣሉ፤ አብዛኛዎቹ ሠራተኞች እንጀራ ፍለጋ ከኢጣልያ የመጡ ነበሩ።

ፋቭር ራሱ ከድካም አልራቀም፤ ሥራውን ለማየት ወደ ዋሻው ይገባ ነበር። በ1879 ዓመት እንዲሁ ገብቶ ሳለ በድንገት ታመመና በ53 ዓመቱ በዚያው ሞተ። ከ7 ወር በኋላ፥ በ1880 ዓመት፥ የሁለቱ ወገን ሠራተኞች በተራራው መካከል ሲገናኙ፥ አስቀድመው በቀዳዳው ያሳለፉት በቆርቆሮ ሣጥን የተቀመጠውን የፋቭርን ሥዕል ነው። በሕይወቱ ያልደረሰበትን ስፍራ በሥዕሉ አለፈው። ባቡሩም በ1882 ዓመት በመላው መንገድ መሄድ ጀመረ፤ ስለ ዘገየው ሥራ ግን በማኅበሩና በፋቭር ወራሾች መካከል ክርክር ሆነ።

ፋቭር ስለ ቃሉ እስከ ሞት ድረስ ደክሟልና ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ያን አጭር ቀን የፈረመ እርሱ ብቻ ሲሆን፥ ዋጋውን ከእርሱ ጋር የከፈሉት ያልፈረሙት ድሆች ናቸው። ስለዚህ ቃልን መጠበቅ መልካም ነው፤ ቃል ከመስጠት በፊት ግን ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ መመርመር ይገባል።