ከትምህርት ቤት ወዲህ ያለው ዕድሜ፦ ከሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወት ምን እንማራለን?



ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጣችሁ ስንት ዓመታችሁ ነው? ዐሥር? ሃያ? ሠላሳ? የድሮ የክፍል ጓደኛችሁን በሠርግ ወይም በለቅሶ ቤት ስታገኙት ከሰላምታ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ስለ ሥራ፣ ሁለተኛው ስለ ልጅ ነው። መልሱ ያማረለት ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። መልሱ ያላማረለት ደግሞ ወሬ ለውጦ ቶሎ ይሰናበታል፤ ቤቱ ገብቶም ዕድሜዬ የት ሄደ እያለ ይተክዛል።

እንዲህ የተከዛችሁበት ቀን ካለ፣ ዛሬ የአንድ ጎጃሜ ሰው ሕይወት ላስታውሳችሁ። ስማቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው።

ከእንዶዳም እስከ አዲስ አበባ

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ቦታ ተወለዱ። አባታቸው ካህን ነበሩ። በዚያ ዘመን በጎጃም ደጋ ለካህን ልጅ የተከፈተው የዕውቀት በር የቤተ ክህነት ትምህርት ነበረና በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተማሩ። የዚያን ጊዜ የቆሎ ተማሪ ኑሮ ምን እንደሚመስል ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ደበሎ መልበስ፣ አኩፋዳ ይዞ በየደጁ መለመን፣ ከውሻ ጋር መታገል፣ ማታ ደግሞ ቅኔ መቁጠር ነው።

ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መጡ። እዚያም በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ በኋላም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን መልእክተኛ ካርል ሴደርኲስት እ.ኤ.አ. በ1904 አዲስ አበባ ገብተው ወንጌልን ከትምህርት ጋር ማስተማር ጀመሩ። ይኸው ሚሲዮን እ.ኤ.አ. በ1959 ለተመሠረተችው ለመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው።

ይህን ስል ሐዲስ የእኛ ቤተ እምነት ሰው ነበሩ ማለቴ አይደለም። የኦርቶዶክስ ካህን ልጅ ናቸው፤ የሞተን ሰው ስም ወስዶ የራስ ማድረግም ለክርስቲያን አይገባም። ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በየገጠሩና በየከተማው ፊደል የምታስቆጥሩ፣ የሰንበት ትምህርት የምታስተምሩ ወገኖች ሆይ፣ ፊታችሁ የተቀመጠው ልጅ ነገ ማን እንደሚሆን አታውቁምና አትድከሙ።

እንደ ጠፉ የሚቆጠሩ ሰባት ዓመታት

ሐዲስ ከትምህርት በኋላ ወደ ጎጃም ተመልሰው መምህር ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ መጣ። በ1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ ከነበሩት ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ግንባር ዘመቱ። የሽሬው ጦርነት ካልተሳካ በኋላም የራስ እምሩ ጦር በምዕራብ ኢትዮጵያ መዋጋቱን ቀጠለ፤ በመጨረሻም በ1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጁን ሰጠ። ሐዲስም ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ። በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረው እስከ 1935 ዓ.ም. ቆዩ። ነጻ የወጡት የቃል ኪዳን አገሮች ጦር ደቡብ ኢጣሊያን ሲይዝ ነው።

እስቲ አስሉት። ሲማረኩ ዕድሜያቸው 27 ገደማ ነበር፤ ሲፈቱ 33 አልፏቸዋል። ሌላው ሰው ሥራ የሚይዝበት፣ ጎጆ የሚወጣበት፣ ልጅ የሚስምበት ዕድሜ በባዕድ ደሴት አለቀ።

ከእናንተ መካከልም እንዲህ ያለ ዘመን ያለፈበት አለ። በስደት ካምፕ፣ በዓረብ አገር ሰው ቤት፣ በእስር፣ በረጅም ሕመም ወይም በጦርነት የተበላ ዕድሜ። ዮሴፍን አስታውሱ። በፈርዖን ፊት ሲቆም ሠላሳ ዓመቱ ነበር፤ የወጣትነቱ ዕድሜ ያለፈው በባርነትና በእስር ቤት ነው። እግዚአብሔር ግን ከእርሱ ጋር ነበረ (ዘፍ. 39-41)። በነቢዩ ኢዩኤልም አንበጣ የበላውን ዓመት ስለሚመልስ አምላክ ተጽፎልናል (ኢዩ. 2፥25)።

ሹመትና እምቢታ

ከእስር መልስ ሐዲስ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አገለገሉ። በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ፤ በዋሽንግተን ኤምባሲ ሠሩ፤ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ ተወካይ ነበሩ። የትምህርት ሚኒስትር፣ በእንግሊዝ አገር አምባሳደር፣ የፕላንና ልማት ሚኒስትር፣ ከዚያም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ።

ታላቁ ልብ ወለዳቸው በ1958 ዓ.ም. ሲታተም በመንግሥት ሥራ ላይ ነበሩ። መጽሐፉ የሚናገረው ግን ስለ ትውልድ አገራቸው ድሃ ገበሬ ነው። በዛብህ ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት የድሃ ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ ልጅ ናት። በትዕቢትና በዘር ቆጠራ ላይ የተሠራ ሥርዓት ለያያቸው። ያን ሥርዓት የሚወቅሰውን ጉዱ ካሳን አገሬው እብድ ይለዋል። ባለ ሥልጣን ሆኖ ሳለ የድሃውን እንባ የማይረሳ ሰው ብዙ አይደለም። ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ሰው ሳይቀር ሰምቶ አለቀሰ።

አብዮቱ ሲፈነዳ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን ቀረበላቸው። አልተቀበሉም። በዚያ ዓመት በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከነበሩት ሰዎች ሁለቱ፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። እኛ ሹመት ሲመጣ የእግዚአብሔር በረከት ነው ብለን እንመሰክራለን። ሹመትን አልፈልግም ለማለት የሚያስችል ልብም ከእርሱ የሚሰጥ በረከት መሆኑን ግን ከመድረክ ስንሰማ እምብዛም ነው።

ልጅ የሌለበት ቤት

ሐዲስ ከወይዘሮ ክበበ ፀሐይ በላይ ጋር ተጋብተው ኖሩ። ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ሲያርፉም ሌላ ሳያገቡ ቀሩ።

በአገራችን ልጅ ያልወለደ ሰው ላይ ምን ጫና እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ስምህ ሊጠፋ ነው ይለዋል፤ ሌላ ሴት ፈልግ ይለዋል። ሚስትየዋን ደግሞ ዓይን ዓይኗን ያያታል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥስ? ቅን ልብ ይዘን ብዙ ጊዜ እናቆስላለን። ከተጋቡ ዓመት ሳይሞላቸው መቼ ነው ብለን እንጠይቃለን። በጉባኤ መካከል አስነሥተን እንጸልይላቸዋለን። በዚህም ምክንያት ሕፃናት በሚባረኩበት እሑድ ቤታቸው የሚቀሩ ባልና ሚስት አሉ።

ሉቃስ ስለ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ ሲጽፍ ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን እንደ ነበሩ የሚመሰክረው መልአኩ ስለ ልጅ ሳይነግራቸው በፊት ነው (ሉቃ. 1፥6-7)። ጽድቃቸው ከዮሐንስ ጋር አልተወለደም። ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ የትዳር መመዘኛ ግን አይደለም። አንድ ትልቅ ሹም፣ ባህሉ ሁሉ ሰበብ እየሰጠው፣ ከአንዲት ሚስት ጋር መጽናቱ ዛሬ ለአማኝ ባሎች ትምህርት ይሁን።

ወደ ኋላ ሲያዩ

ሐዲስ በእርጅናቸውም «ወንጀለኛው ዳኛ»ን በ1974 ዓ.ም.፣ «የልም ዣት»ን በ1980 ዓ.ም. አሳተሙ። ከዚያ በ80ዎቹ ዕድሜያቸው፣ በ1985 ዓ.ም.፣ የራሳቸውን ሕይወት የሚያስታውሱበትን «ትዝታ»ን አወጡ።

ያን ሁሉ ሹመት ያየ ሰው ወደ ኋላ ሲመለከት ስለ ምን የሚጽፍ ይመስላችኋል? ስለ ኤምባሲ ግብዣ? ስለ ሚኒስትርነት? አይደለም። «ትዝታ» የሚተርከው ስለ ጦርነቱና ስለ ምርኮው ዘመን ነው። እኛ የጠፋ ብለን የምንቆጥረውን ዕድሜ እርሳቸው ለትውልድ ሊተርፍ የሚገባው አድርገው አዩት።

በኅዳር 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ። ስማቸውን የሚያስጠራ ልጅ አልተዉም፤ ሆኖም ዛሬ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለ።

የተወደዳችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የድሮ ጓደኛችሁን ስታገኙት ሁለቱን ጥያቄዎች ተዉአቸውና እንዴት ከረምክ ብላችሁ ረጋ ብላችሁ ስሙት። ራሳችሁንም ስትመዝኑ በሹመትና በልጅ ብዛት አትመዝኑ። ዘመናችንን መቁጠር እንዲያስተምረን ከሙሴ ጋር እንጸልይ (መዝ. 90፥12)። ባከነ ያላችሁትን ዓመት ዛሬ በጸሎት በጌታ እጅ ላይ አስቀምጡት። ምናልባት ለሌላው የምትተርፉበት ዘመን እርሱ ይሆናል።

ጌታ ይባርካችሁ።