አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ

በአራዳ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ጧትና ማታ የሚያልፈው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ድልድዩ በስማቸው ስለ ተጠራው ስለ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ቆም ብሎ የሚያስብ መንገደኛ ምናልባት ጥቂት ነው። ሰው መሻገሩን እንጂ ያሻገረውን አያስብምና። እኛም ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለንም፤ ምክንያቱንም በመጨረሻ እንናገራለን። ለዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስታውሳቸው የወደድነው ግን ድልድይ በስማቸው ያልተሠራላቸውን፣ ነገር ግን ግዕዝና አማርኛ ወደ ኤውሮፓ ሊቃውንት የተሻገሩባቸውን ካቶሊካዊውን ካህን አባ ጎርጎርዮስን ነው። ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አባ ጎርጎርዮስ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአማራ አገር በመካነ ሥላሴ ተወለዱ። ለአካለ መጠን የደረሱበት ዘመን ለኢትዮጵያ ጽኑ የፈተና ዘመን ነበር። እንደሚታወቀው ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን መምህራን ስብከት የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው፣ በ1626 በፓትርያርኩ በአልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮማው ጳጳስ መታዘዛቸውን በይፋ አረጋገጡ። አብዛኛው ካህንና ሕዝብ ግን የአባቶቹን ሃይማኖት አልለቅም ብሎ ተነሣ፤ ወንድም ከወንድሙ ጋር ተዋግቶ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም መምህራኑን ከአገር አስወጡ።

አባ ጎርጎርዮስ ከተሸነፈው ወገን ነበሩ። በዚያ ክርክር ማን እውነት እንደ ነበረው መፍረድ የኛ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሃይማኖቱን ለሹመት ወይም ለንጉሥ ሞገስ የያዘ ሰው፣ ነፋሱ በዞረ ጊዜ አብሮ መዞር ይቀለው ነበር። እሳቸው አልዞሩም፤ ያመኑበትን ይዘው አገራቸውን ለቀቁ። በመጨረሻም ሮም ደርሰው፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ በሚገኘው፣ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች በሚያርፉበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀመጡ። ይህ ቤት ለጽሑፍ እንግዳ አልነበረም፤ ከመቶ ዓመት በፊት ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት የአባ ተስፋ ጽዮን ማረፊያም ይኸው ነበር።

በ1649 ወደዚህ ገዳም አንድ እንግዳ መጣ። እሱም የኤርፉርት ተወላጅ፣ ዕድሜው 25 ዓመት ገደማ የሆነ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ነበር። ወደ ሮም የመጣበት ጉዳይ ሌላ ነው፤ ልቡ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በግዕዝ ተይዞ ነበር። በዚያ ጊዜ በኤውሮፓ የሚገኙትን ጥቂት የግዕዝ መጻሕፍት ብቻውን ሲያጠና ኖሮ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሕያው ሰው በዐይኑ ያየው በዚያ ቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሉዶልፍ የሉተር ተከታይ ሲሆን አባ ጎርጎርዮስ ካቶሊክ ነበሩ። ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች የተፋጁበት፣ ጀርመንን ያወደመው የ30 ዓመት ጦርነት ካበቃ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ከሃይማኖት ጦርነት የተረፉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከአማራ ሌላው ከጀርመን መጥተው፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ ግስና ስለ ስም ተነጋገሩ። አባ ጎርጎርዮስ ሃይማኖታቸውን አልተዉም፤ ሉዶልፍም የራሱን አልተወም፤ ወዳጅነታቸው ግን እስከ ሞት ጸና።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግዛቱ አስጠራቸው። ይህ መስፍን ትምህርትን እጅግ የሚወድ፣ የግዛቱ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ያደረገ ሰው ነበር። አባታችንም ተራራውን አቋርጠው ጀርመን አገር ገቡ፤ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት በክብር ተቀብለዋቸው መስፍኑ ስለ ኢትዮጵያ ይጠይቃቸው፣ ሉዶልፍም ያስተረጉም ነበር።

ዋናው ሥራ ግን በመምህሩና በተማሪው መካከል የተሠራው ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። አለ የሚለው ቃል ቢላላ መናገርን፣ ቢጠብቅ መኖርን ያመለክታል፤ በወረቀት ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። የውጭ አገር ሰው ይህን ከመጽሐፍ ሊያገኘው አይችልም፤ ከሕያው አፍ መስማት አለበት። የአማርኛም ነገር ከዚህ የባሰ ነበር፤ የሚጠና የታተመ ሰዋስው ከቶ አልነበረምና። ስለዚህ አባ ጎርጎርዮስ ለሉዶልፍ መጽሐፍም መምህርም ሆኑለት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሮም ተመለሱ፤ ወዳጅነቱም በግዕዝ በሚጻፉ ደብዳቤዎች ቀጠለ። በመጨረሻ ግን የአገር ናፍቆት ሳይሆን አይቀርም፣ ጉዟቸውን ወደ ኢትዮጵያ አደረጉ። በ1658 የተሳፈሩባት መርከብ በሶርያ ባሕር ዳርቻ በእስክንድሮና አቅራቢያ ሰጠመች፤ አባ ጎርጎርዮስም በዚያው ዐረፉ። መካነ ሥላሴን ዳግመኛ አላዩም።

የደከሙበትንም ፍሬ አላዩም። የሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ለንደን ላይ የታተሙት በ1661፣ የኢትዮጵያ ታሪክ የተባለው መጽሐፉ የወጣው በ1681፣ የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የታተሙት ደግሞ በ1698፣ ማለት መምህሩ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። በመጻሕፍቱ ግንባር ላይ ያለው ስም የሉዶልፍ ነው። ይሁን እንጂ ሉዶልፍ ውለታ ቢስ አልነበረም፤ ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ በጽሑፉ መስክሮ፣ በ1691 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል አስቀርጾ አስገብቷል። የመልካቸውን ምስል ዛሬ ልናይ የቻልነው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ የጀመርነውን ነቀፋ እንፈጽም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ለመመረቂያ ጽሑፋችን ስለ ጥንቱ አራዳ የነገሩን አንድ አረጋዊ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ይኖሩ ነበር። ብዙ ቀን ቡና አፍልተው፣ ጊዜያቸውን ሠውተው ያወቁትን ሁሉ ነገሩን። ጽሑፉ ጥሩ ማርክ አገኘ፤ በገጾቹ ሁሉ ግን ስማቸው አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም። ዘንድሮ አዲስ ቅጂ ይዘን ብንሄድ ቤታቸውን ዘግቶ አገኘነው፤ ጎረቤቶቻቸውም ማረፋቸውን ነገሩን።

ወጣት ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ በየአካባቢው ለጥናት ስትወጡ ገበሬው፣ ካህኑና ባልቴቷ ዕውቀታቸውን ያለ ዋጋ ይሰጧችኋል። ያን ሁሉ ስትጽፉ ስማቸውንም ጻፉ፤ በሕይወት ሳሉም አሳዩአቸው። አንድ ጀርመናዊ ለአባ ጎርጎርዮስ ያደረገውን እኛ ለገዛ አባቶቻችን ብንነፍግ ነውሩ የራሳችን ነው።