ሰር ሂዩ ኬርንስና የራስ ቁር

ሐኪም ሁሉ የታመመውን ለማዳን ይደክማል፤ ጉዳቱ እንዳይደርስ አስቀድሞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ የአንጎል ኦፕራሲዮን ሊቅ የነበሩት ሰር ሂዩ ኬርንስ ናቸው።

ኬርንስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ዓ.ም. በደቡብ አውስትራልያ ፖርት ፒሪ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በአዴሌይድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ካገለገሉ በኋላ፣ በሮድስ ስኮላርሺፕ ወደ ኦክስፎርድ መጡ። በ1926 ዓ.ም. ወደ ቦስተን ተሻግረው ከዝነኛው ሐኪም ከሃርቬይ ኩሺንግ ዘንድ የአንጎልን ኦፕራሲዮን ተማሩ፤ ተመልሰውም በሎንዶን ሥራቸውን ቀጠሉ።

በሜይ 13 ቀን 1935 ዓ.ም. የዓረቡ ሎሬንስ እየተባለ የሚጠራው ዝነኛ እንግሊዛዊ በዶርሴት አውራጃ በሞቶር ቢስክሌት ሲሄድ፣ በቢስክሌት የሚጓዙ ሁለት ልጆች ድንገት ከፊቱ አጋጠሙት። እነርሱን ላለመግጨት ሲል መንገድ ለቆ ወደቀ። በራሱ ላይ ምንም አልደፋም ነበርና ጭንቅላቱ ክፉኛ ተጎዳ። ኬርንስ ከሐኪሞቹ ጋር ተጠርተው ቢመጡም፣ ቁስለኛው በስድስተኛው ቀን ዐረፈ።

ይህ ሞት ከሐኪሙ ልብ አልወጣም። በ1937 ዓ.ም. በኦክስፎርድ የኦፕራሲዮን ፕሮፌሰር ሆኑ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ፣ መልእክት የሚያመላልሱ ባለሞቶር ወታደሮች ብዙዎች በመንገድ ላይ ያልቁ ጀመር። ኬርንስ ቢቈጥሩ፣ በጦርነቱ የመጀመሪያ 21 ወራት ብቻ በብሪታንያ መንገዶች 2,279 ባለሞቶሮችና አብረዋቸው የተፈናጠጡ ሰዎች እንደሞቱ አገኙ፤ ለሞታቸውም ዋናው ምክንያት የራስ ጉዳት ነበር። የራስ ቁር ደፍተው ከተጎዱት መካከል ያዩት ሰባት ብቻ ሲሆን፣ ሰባቱም በሕይወት ተርፈው ነበር።

ይህንን በኦክቶበር 1941 ዓ.ም. አሳተሙ፤ በሚከተለው ወር የጦር ሠራዊቱ ባለሞቶር ወታደሮቹ በሥራ ላይ ሁሉ የራስ ቁር እንዲደፉ አዘዘ። ኬርንስ ግን የሰባት ሰዎች ማስረጃ ጥቂት መሆኑን ዐውቀው ምርመራቸውን ቀጠሉ። በ1946 ዓ.ም. ከ1939 እስከ 1945 ዓ.ም. የደረሰውን ሞት በየወሩ መርምረው፣ ከትእዛዙ በኋላ የሟቾቹ ቍጥር እየቀነሰ መሄዱን አስረዱ።

ኬርንስ በ1952 ዓ.ም. በ56 ዓመታቸው ዐረፉ። በብሪታንያ የራስ ቁር ለባለሞቶር ሁሉ በሕግ የታዘዘው በ1973 ዓ.ም. ነበርና ያን ቀን አላዩትም። በትውልድ አገራቸውም የቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር በ1990 ዓ.ም. ልጅ ዐዋቂ ሳይለይ ቢስክሌት የሚነዳ ሁሉ የራስ ቁር እንዲደፋ ደነገገ፤ በዓለምም የመጀመሪያው ሆነ።

የራስ ቁር የሚጠቅመው በግጭት ጊዜ ድንገተኛውን ምት በሰፊው አካፍሎና አለዝቦ ስለሚቀበል ነው። ስለዚህ ለልጁ ቢስክሌት የሚገዛ ወላጅ፣ በልኩ የሆነ የራስ ቁርም ይግዛለት፤ ግንባሩን መሸፈኑን፣ ማሰሪያውም ከአገጩ ሥር መጥበቁን ይመልከት። የተሰበረን ጭንቅላት መጠገን ለታላቁ ሐኪም እንኳ አልሆነለትም፤ እንዳይሰበር መጠበቅ ግን ለማንኛውም አባትና እናት የሚቻል ነው።