ኤልመር ማኮለም እና በቅባት የተሸከመው ነገር

ባለፈው ሳምንት ለማስተማር ልምምድ አያት አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥተን ነበር። የአራተኛ ክፍል ትምህርቱ ስለ ምግብ ስለነበር ማንጎና ፓፓያ ለዓይን ይጠቅማሉ ብለን ሰሌዳ ላይ ጻፍን። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ ታዲያ ጭማቂ ቤቶቹ ስፕሪስ ሲሠሩ አቮካዶ የሚጨምሩበት ለምንድን ነው ስትል ጠየቀችን። ለመልኩ ነው ብለን አለፍናት። ወደ ማሠልጠኛችን ስንመለስ ግን ነገሩ ከነከነንና መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርን። ፍለጋው ወደ አንድ የገበሬ ልጅ ሕይወት ወሰደን። ዓመታቱን የምንሰጠው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኤልመር ቨርነር ማኮለም በ1879 በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት ተወለደ። ገና ዓመት ሳይሞላው ጡት ጥሎ የተፈላ ወተትና የተፈጨ ድንች ብቻ ይመገብ ስለነበር በስከርቪ በሽታ ተይዞ ለሞት ተቃረበ። ያዳነችው እናቱ ናት። ፖም ስትልጥ ዝም እንዲልላት ልጣጩን ብታቀምሰው ወደደው፤ እሷም ደጋገመችለትና ልጁ ነፍስ ዘራ። ቫይታሚን የሚባለው ቃል እንኳ ያኔ ገና አልተፈጠረም።

ማኮለም በ1906 ከዬል ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ካገኘ በኋላ በ1907 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ ተቀጠረ። ሥራው የላሞችን መኖና እበት መመርመር ነበር። አንዱ የላም ቡድን በቆሎ ብቻ፣ ሌላው ስንዴ ብቻ፣ ሌላው አጃ ብቻ ይበላል። በኬሚስትሪው ስሌት መኖው እኩል ነው፤ ይሁን እንጂ በበቆሎ ያደጉት ላሞች ጤነኛ ጥጆች ሲወልዱ የስንዴዎቹ ጥጆች ሞተው ወይም ተዳክመው ይወለዱ ነበር። የጎደለው ምንድን ነው? ስሌቱ መልስ አልነበረውም።

ማኮለም፣ ላም ብዙ ትበላለች፣ ዕድሜዋም ረጅም ነው፤ ስለዚህ በአይጥ እንሞክር የሚል ሐሳብ አቀረበ። የኮሌጁ ኃላፊ በጣም ተቃወሙት። ገበሬው አይጥ ለማጥፋት ሲታገል በመንግሥት ገንዘብ አይጥ ይቀለብ ማለት ምን ማለት ነው! እሱ ግን በ1908 ከቺካጎ ነጫጭ አይጦች በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ሥራውን ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ማርገሪት ዴቪስ የምትባል ወጣት ምሩቅ ተቀላቀለችው። አይጦቹን የመገበች፣ የመዘነች፣ መዝገቡንም የያዘች እሷ ናት፤ ለብዙ ዓመታት ደግሞ ያለ ደመወዝ። ስሟ ከእሱ ጎን አብሮ ሊነሳ ይገባዋል እንላለን።

በ1913 ሁለቱ ውጤቱን አሳተሙ። የአሳማ ስብ ወይም የወይራ ዘይት የተሰጣቸው አይጦች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማደግ ያቆማሉ፤ ከቅቤ ወይም ከእንቁላል አስኳል የወጣ ቅባት ሲሰጣቸው ግን እንደገና ያድጋሉ። ቀጥለው ያደረጉት ነው እኛን ይበልጥ የገረመን። ቅቤውን ወደ ሳሙናነት ለውጠው፣ ሳሙና መሆን ያልቻለውን ጥቂት ነገር ለይተው አወጡና ያንኑ ከንቱ የተባለ የወይራ ዘይት ላይ ጨመሩት። አይጦቹም አደጉ። እንግዲህ ዘይቱ ተሸካሚ እንጂ ጭነቱ አልነበረም። ጭነቱ በኋላ ቫይታሚን ኤ ተባለ። እሱ ሲጎድል ሰው በመጀመሪያ ሲመሽ ማየት ይሳነዋል፤ በአገራችን ዳፍንት የምንለው ነው። ሳይታረም ከቆየ የሕፃኑ የዓይን ብሌን ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ይጠፋል።

ፍራፍሬው ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? በ1919 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ሃሪ ስቲንቦክ፣ ቢጫ በቆሎ ይህን ኃይል እንደያዘ፣ ነጭ በቆሎ ግን እንደሌለው አስተዋለ። በ1930 ደግሞ እንግሊዛዊው ቶማስ ሙር ካሮቲን የተባለውን ቢጫ ቀለም ለአይጦች አብልቶ በጉበታቸው ውስጥ ቫይታሚን ኤ አገኘ። ማለትም ማንጎ ውስጥ ያለው ቫይታሚኑ ራሱ ሳይሆን ጥሬ ዕቃው ነው፤ የሚሠራው ሰውነታችን ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ካሮቲን በውሃ አይሟሟም። ፍሬው ሲታኘክ ቀለሙ ከሴሎቹ ይላቀቃል፤ በትንሹ አንጀት ውስጥ ሐሞት ቅባቱን ወደ እጅግ ጥቃቅን ጠብታዎች ሲበትነው ካሮቲኑ በእነሱ ተሳፍሮ ወደ አንጀት ግድግዳ ይደርሳል። እዚያ አንድ ኢንዛይም ይከፍለውና ቫይታሚን ኤ ይሆናል፤ እንደገና ከቅባት ጋር በሊምፍ በኩል ወደ ደም ይገባል፣ ትርፉ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ቅባት በሌለበት አብዛኛው ቀለም እንደገባ ይወጣል ማለት ነው። ብዙም አያስፈልግም፤ በአንድ ገበታ ከ3 እስከ 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ያህል ይበቃል። ጾም ነው፣ ቅቤ የለም የሚል ካለ የኑግ ዘይቱም ይሸከማል።

ፍሬና ቅጠልም እኩል አይደሉም። በ1998 በኢንዶኔዥያ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ 1 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ ለማግኘት ከፍራፍሬ 12፣ ከቅጠላ ቅጠልና ከካሮት ደግሞ 26 ማይክሮግራም ያህል ቤታ ካሮቲን እንደሚያስፈልግ አሳየ። ቀደም ሲል 6 ይበቃል ይባል ነበር። በቅጠል ውስጥ ቀለሙ ከፕሮቲን ጋር ተቆራኝቶ ስለሚገኝ በቀላሉ አይላቀቅም፤ የበሰለ ማንጎና ፓፓያ ግን ቶሎ ይለቁታል።

ማኮለም በ1917 ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ዊስኮንሲን ከቀሩት ባልደረቦቹ ጋር የግኝቱ ባለቤት ማን ነው በሚል ተቀያይሞ ነበር፤ ሰውየው መልአክ አልነበረም። በ1922 ከባልደረቦቹ ጋር ቫይታሚን ዲን ለየ። የኖቤል ሽልማት ሳያገኝ በ1967 በ88 ዓመቱ ዐረፈ።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አቮካዶ ከሌሎች ፍራፍሬዎች ይልቅ ቅባት የበዛበት ነው። በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በቲማቲም ስልስ ላይ አቮካዶ ሲጨመር ወደ ደም የገባው ቤታ ካሮቲን 2.6 እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። የአያት ጭማቂ ሠሪዎች ይህን አስበው ይሁን ለጣዕሙ፣ አቮካዶው ማንጎውንና ፓፓያውን ይሸከማል። ሰኞ ወደዚያው ክፍል እንመለሳለን፤ ለልጅቷ የሰጠናት መልስ ስህተት እንደነበረ እንነግራታለን፣ ሰሌዳው ላይም ከማንጎውና ከፓፓያው አጠገብ አንድ አቮካዶና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት እንሥላለን።