ዲያን አርበስ

ዲያን አርበስ (እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1923 – ጁላይ 26 ቀን 1971) አሜሪካዊት ፎቶግራፍ አንሺ ነበረች። ይበልጥ የምትታወቀው በአካላቸው ቅርጽ ምክንያት ሰው አፍጥጦ የሚያያቸውን ወይም ፊቱን የሚያዞርባቸውን ሰዎች በማንሳት ነው። ሥራዋ ሰዎቹን ማክበር ነው ወይስ መጠቀሚያ ማድረግ የሚለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም።

ሕይወት

ዲያን ኔሜሮቭ የተወለደችው በኒው ዮርክ ከተማ ከሀብታም የአይሁድ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ በፊፍዝ አቬኑ ላይ ረሰክስ የተባለ ትልቅ የልብስ መደብር ነበረው። ገጣሚው ሃዋርድ ኔሜሮቭ ታላቅ ወንድሟ ነው። በ18 ዓመቷ አለን አርበስን አገባች። ባልና ሚስቱ እንደ ቮግና ግላመር ላሉ መጽሔቶች የፋሽን ፎቶ ይሠሩ ነበር፤ ካሜራውን የሚይዘው በአብዛኛው እሱ ሲሆን ሐሳብ ማፍለቅና ሞዴሎችን ማሰናዳት የእሷ ድርሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ይህን ሥራ ትታ ለብቻዋ ማንሳት ጀመረች፣ ከሊዜት ሞዴልም ዘንድ ተማረች።

አሠራር

እ.ኤ.አ. በ1962 ገደማ ከትንሹ የ35 ሚሊሜትር ካሜራ ወደ ሮሊፍሌክስ ተሸጋገረች። ይህ ካሜራ ሆድ አካባቢ ተይዞ ከላይ ወደ ታች ስለሚታይ የአንሺዋን ፊት አይሸፍንም፤ ተነሺውና አንሺዋ እየተያዩ ማውራት ይችላሉ። ምስሉ አራት ማዕዘንና ጥርት ያለ ነው፤ ፍላሽም በቀን ብርሃን ሳይቀር ትጠቀም ነበር። ሰዎቹ ሳያውቁ የተነሱ አይደሉም። ቀጥ ብለው ወደ ካሜራው ያያሉ።

በ42ኛው መንገድ የነበረውንና ለየት ያለ አካል ያላቸው ሰዎች በክፍያ የሚታዩበትን የሁበርት ሙዚየም ታዘወትር ነበር። ሆኖም ብዙዎቹን ያነሳቻቸው በመድረክ ላይ ሳይሆን በቤታቸው ነው። በሰርከስ ይታይ የነበረው ግዙፉ ኤዲ ካርሜል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ካወቀችው ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ብሮንክስ ባለው የወላጆቹ ሳሎን ውስጥ አነሳችው። ልጁ ከዘራ ይዞ፣ ጣሪያው ሥር ጎበጥ ብሎ ቆሟል፤ እናትና አባቱ አንጋጠው ያዩታል። ተመልካቹን የሚይዘው ከቁመቱ ይልቅ የእናቱ አንገት ነው።

አቀባበል

እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1966 የጉገንሃይም የገንዘብ ድጋፍ አገኘች። በ1967 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም፣ ከሊ ፍሪድላንደርና ከጋሪ ዊኖግራንድ ጋር፣ ‹‹አዲስ ሰነዶች›› በተባለው ትርኢት ቀረበች።

ጠንካራው ትችት የመጣው ከጸሐፊዋ ሱዛን ሶንታግ ነው። አርበስ የሌሎችን ሥቃይ ከተደላደለ ቦታ ሆና ታያለች፣ ርኅራኄም አትቀሰቅስም ስትል ጽፋለች። የዓመታት ትውውቁ ለዚህ ከፊል መልስ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1971 የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በሚኖሩባቸው ተቋማት ላነሳቻቸው ፎቶዎች ግን ይህ መልስ አይበቃም፤ ካርሜል ቤቱን ከፍቶላታል፣ እዚያ ያሉት ግን የመፍቀድም የመከልከልም አቅማቸው ምን ያህል እንደነበር አጠያያቂ ነው። ከእነዚህ ፎቶዎች የተመረጡት በመጽሐፍ የወጡት በ1995 ነው።

አርበስ ከመንፈስ ጭንቀት ጋር ስትታገል ኖራ በ48 ዓመቷ ራሷን አጠፋች። በቀጣዩ ዓመት በቬኒስ ቢየናሌ ሥራው የታየ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ እሷ ሆነች።